ሁለት ተኩስ ወይስ ሦስት? የወፍ አደን ጠመንጃ አመራረጥ

ለወፍ አደን የተሠራው ጠመንጃ፣ በተለምዶ ሾትገን የሚባለው፣ እንደ ምንሽር አንዲት እርሳስ አይተኩስም። ከአንድ ጥይት ውስጥ ብዙውን ጊዜ ከ200 የሚበልጡ ጥቃቅን ፍሬዎች በአንድ ጊዜ ይወጣሉ፤ እየራቁ በሄዱ ቁጥርም ይበተናሉ። ዒላማው የሚበር ወፍ በመሆኑ አዳኙ ጠመንጃውን አንሥቶ፣ ትከሻው ላይ አስደግፎ፣ ቃታ እስኪስብ ድረስ ያለው ጊዜ ከሁለትና ከሦስት ሰከንድ እምብዛም አያልፍም። ዛሬ ገዢ ፊት የሚቀርበው ምርጫ በአብዛኛው ከሁለት አንዱ ነው። አንደኛው ከወገቡ ተከፍቶ በእጅ የሚጎርሰው ጠመንጃ ሲሆን ብዙውን ጊዜ ባለሁለት አፈሙዝ ነው። ሌላው ባለአንድ አፈሙዙ ከፊል አውቶማቲክ ነው፤ ቃታው በተሳበ ቁጥር አንድ ጊዜ ይተኩስና ባዶውን ቀለህ ራሱ አሽቀንጥሮ ጥሎ ቀጣዩን ጥይት ራሱ ያጎርሳል። በእጅ እየተሳበና እየተገፋ የሚያጎርሰው፣ ፓምፕ የሚባለው ሦስተኛ ዓይነት በአሜሪካ ብዙ ወዳጅ ቢኖረውም ለብቻው ሊታይ የሚገባው ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቀድሞ የመጣው ከወገቡ የሚከፈተው ነው። ፓሪሳዊው ጠመንጃ ሠሪ ካሲሚር ለፎሾ በ1830ዎቹ አፈሙዙ በማጠፊያ ወደታች የሚወርድ፣ ጥይቱም ከኋላ የሚገባበት ጠመንጃ ሠራ። እስከዚያ ድረስ አዳኝ ባሩዱንና እርሳሱን ከአፈሙዙ ጫፍ በዘንግ እየጠቀጠቀ ነበር የሚያጎርሰው። የለፎሾ ሥራ በ1851 በለንደኑ ታላቅ ዐውደ ርእይ ከታየ በኋላ የእንግሊዝ ጠመንጃ ሠሪዎች ሐሳቡን ወስደው አሻሻሉት። በ1875 በበርሚንግሃሙ ዌስትሊ ሪቻርድስ ይሠሩ የነበሩት አንሰንና ዲሊ አንድ ትልቅ ነገር ጨመሩ፤ ጠመንጃው ሲከፈት የሚወርደው አፈሙዝ ራሱ መዶሻዎቹን እንዲወጥር አደረጉ። ዛሬም ጎን ለጎን ሁለት አፈሙዝ ያላቸው ጠመንጃዎች አብዛኞቹ በዚሁ ስልት ይሠራሉ።

የሁለቱን ዓይነቶች ታሪክ አንድ ሰው ያገናኘዋል። በዩታዋ ኦግደን ከተማ የተወለደው ጆን ሞሰስ ብራውኒንግ በ1890ዎቹ መጨረሻ ራሱ የሚያጎርስ የአደን ጠመንጃ ነደፈ። ንድፉን በአንድ ጊዜ ክፍያ መሸጥ ሳይሆን ከእያንዳንዱ ሽያጭ ድርሻ ማግኘት ፈልጎ ነበርና የዘመናት ደንበኛው የጠመንጃ ኩባንያ ዊንቸስተር አልስማማ አለው። ወደ ሬሚንግተን ሄደ፤ በጥር 1902 ቀጠሮውን ሲጠብቅ የኩባንያው ፕሬዚዳንት ማርሴለስ ሃርትሊ በድንገት ማረፉን ሰማ። ብራውኒንግ ጠመንጃውን ይዞ ወደ ቤልጂግ ተሻገረና በኤርስታል ከሚገኘው ኤፍኤን ፋብሪካ ጋር ተዋዋለ። በኢትዮጵያ አርበኞች ዘንድ በልጅግ እየተባለ የታወቀው ጠመንጃም ከዚሁ ፋብሪካ የወጣ ነው። አውቶ ፋይቭ የተባለው የብራውኒንግ ጠመንጃ እስከ 1990ዎቹ መጨረሻ ተመርቷል። ይኸው ሰው የሕይወቱን የመጨረሻ ዓመታት ያዋለው ግን አንዱ አፈሙዝ በሌላው ላይ የተነባበረበትን፣ ከወገቡ የሚከፈት ጠመንጃ በመንደፍ ነው። በኅዳር 1926 እዚያው ቤልጂግ በሥራ ላይ እንዳለ አረፈ፤ ልጁ ቫል ሥራውን ከዳር አድርሶት በ1931 ሱፐርፖዝድ በሚል ስም ለገበያ ቀረበ። አውቶማቲኩን የፈለሰፈው እጅ ተመልሶ ባለሁለት አፈሙዝ መንደፉ፣ አዲሱ አሮጌውን ሽሮታል የሚለውን ክርክር ውኃ ያስበላዋል።

አውቶማቲኩ ለማጎረስ የሚያስፈልገውን ጉልበት የሚያገኝበት መንገድ በሦስት ይከፈላል፤ ልዩነቱም ለገዢው ትርጉም አለው። በአውቶ ፋይቭ ሲተኮስ አፈሙዙና መዝጊያው ተቆላልፈው አብረው ወደኋላ ይሄዳሉ። መጨረሻው ላይ መዝጊያው ይያዝና አፈሙዙ ብቻውን ወደፊት ይመለሳል፤ ቀለሁ ይወጣል፤ ከዚያ መዝጊያው አዲሱን ጥይት ይዞ ይከተላል። በካዝናው ቱቦ ላይ ያሉት የማፈኛ ቀለበቶች ለቀላልና ለከባድ ጥይት አቀማመጣቸው ይለያያል፤ ይህን ያልተረዳ ሰው ለቀላል ጥይት እንደተዘጋጀ ከባዱን ሲተኩስበት ርግጫው ይበረታል፣ ከጊዜ በኋላም የፊት እንጨቱ ይሰነጠቃል። ሁለተኛው መንገድ በአፈሙዙ ላይ በተበሱ ትንንሽ ቀዳዳዎች ከባሩዱ ጋዝ ጥቂቱን ቀንሶ ፒስተን መግፋት ነው። በ1963 የወጣው ሬሚንግተን 1100 ይህን መንገድ በአሜሪካ ተወዳጅ አደረገው። ሦስተኛው በጣሊያናዊው ብሩኖ ቺቮላኒ ንድፍ ላይ ተመሥርቶ በ1967 በኡርቢኖ የተቋቋመው ቤኔሊ የሚሠራበት ነው። ጠመንጃው በርግጫ ወደኋላ ሲሸሽ ከባዱ የመዝጊያ አካል፣ አውቶቡስ ድንገት ሲነሳ የቆመ ተሳፋሪ ባለበት ለመቅረት እንደሚንገዳገድ፣ ባለበት ይቀራል፤ በእሱና በመዝጊያው ራስ መካከል ያለችው አጭርና ጠንካራ ጥቅል ሽቦም ትጨመቃለች። ስትለቀቅ መዝጊያውን ወደኋላ ትወረውረዋለች። ጋዝ ወደ ውስጥ ስለማይገባ ጥላሸቱ አነስተኛ ነው። ነገር ግን ጠመንጃው እንደ ልቡ ወደኋላ መሄድ አለበት፤ ሰደፉ ከዛፍ ግንድ ጋር ተደግፎ ወይም እጅግ ቀላል ጥይት ጎርሶ ከተተኮሰ ሳያጎርስ ሊቀር ይችላል።

ለአውቶማቲኩ የሚቀርበው ቀዳሚ ምክንያት የተኩስ ብዛት ነው። በሕግ ዓይን ሲታይ ግን ብልጫው የሚመስለውን ያህል አይደለም። በአሜሪካ ከ1935 ጀምሮ ተሰዳጅ ወፎች የሚታደኑት ከሦስት ጥይት በላይ በማይይዝ ጠመንጃ ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ በሚይዝ ጠመንጃ ካዝና ውስጥ የእንጨት ወይም የፕላስቲክ ዘንግ ይሰካበታል። የአውሮፓ የወፎች መመሪያ በ1979 ካዝናው ከሁለት ጥይት በላይ የሚይዝ ከፊል አውቶማቲክ ለወፍ አደን እንዳይውል ከልክሏል፤ አንዱ አፈሙዝ ውስጥ ሲታከል ያው ሦስት ይሆናል። ከሦስት በላይ የሚፈቀድባቸው ሁኔታዎች ጥቂት ናቸው፤ በሰሜን አሜሪካ ቁጥሩ ከልክ በላይ የበዛውን ነጭ የበረዶ ዝይ ለመቀነስ ከ1999 ወዲህ የወጣው ልዩ ፈቃድ አንዱ ነው። እንግዲህ በመደበኛ አደን የሁለቱ ጠመንጃዎች ልዩነት አንዲት ጥይት ናት። ያቺ ሦስተኛ ጥይት ደግሞ ብዙውን ጊዜ የምትተኮሰው የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ስተው፣ ወፉ ርቆ፣ ተኳሹም ተጣድፎ ሳለ ነው። እውነተኛ ጥቅሟ ሌላ ቦታ ነው፤ ቆስሎ ውኃ ላይ የወደቀ ዳክዬ ጠልቆ ሳያመልጥ ለመጨረስ ሦስተኛ ጥይት ዝግጁ መሆኗ እንስሳውን ከሥቃይ፣ አዳኙንም ከፍለጋ ያድናል።

ባለሁለት አፈሙዙ በተራው አውቶማቲኩ የሌለው ነገር አለው። ፍሬዎቹ የሚበተኑበትን መጠን የሚወስነው ቾክ የሚባለው የአፈሙዙ ጫፍ ጥበት ነው። ይህ የሚለካው በ40 ያርድ፣ ማለትም 36.5 ሜትር ገደማ፣ 76 ሴንቲሜትር ስፋት ባለው ክብ ውስጥ ከፍሬዎቹ ስንት በመቶ እንደገባ በመቁጠር ነው። ጥበት የሌለው አፈሙዝ 40 በመቶ ያህሉን ያስገባል፤ ሙሉ ቾክ ያለው ደግሞ 70 በመቶ። ባለሁለት አፈሙዝ ጠመንጃ ሁለት የተለያዩ ቾኮችን በአንድ ጊዜ ይይዛል። የደቡብ ዳኮታን የበቆሎ ማሳ ከውሻ ጋር የሚያስስ አዳኝ ፊት ፌዛንት የሚባለው ወፍ ብድግ የሚለው ከ15 እስከ 20 ሜትር ላይ ነው። የመጀመሪያው ተኩስ ከሰፊው አፈሙዝ ይሄዳል፤ ከሳተም ወፉ ሲርቅ ጠባቡ ይጠብቀዋል። በእንግሊዝ አገር ወፎቹ በሰዎች ተነድተው ወደ ተኳሾቹ ሲመጡ ነገሩ ይገለበጣል፤ ፊት የሚተኮሰው ሩቅ ሳለ በጠባቡ ነው፣ ሰፊው ደግሞ ሲቀርብ። ሁለት ቃታ ያለው ጠመንጃ የያዘ ሰው ይህን በጣቱ ብቻ ይመርጣል፤ የፊተኛው ቃታ አንዱን፣ የኋለኛው ሌላውን ይተኩሳል። ባለአንድ ቃታው መምረጫ ቁልፍ ቢኖረውም ወፍ ከተነሣ በኋላ እሱን የሚነካ ሰው ማግኘት ያስቸግራል። በብዙዎቹ ባለአንድ ቃታ ጠመንጃዎች ሁለተኛውን የሚያዘጋጀው የመጀመሪያው ተኩስ ርግጫ ስለሆነ፣ የመጀመሪያው ጥይት ቢከሽፍ ቃታው ለሁለተኛው ባዶ ይሆናል። ሁለት ቃታ ይህ ችግር የለበትም፤ የድሮ ነው ተብሎ መናቁ ተገቢ አይደለም።

በርግጫ በኩል ሚዛኑ ወደ አውቶማቲኩ ያዘነብላል። ጠመንጃው 3.2 ኪሎ፣ ፍሬው 32 ግራም ቢሆን ጠመንጃው ከፍሬው 100 እጥፍ ይከብዳል። ፍሬው በሰከንድ 400 ሜትር ሲፈተለክ ጠመንጃው ቢያንስ በሰከንድ 4 ሜትር ወደኋላ ይሄዳል፤ የባሩዱ ጋዝ ሲታከልበት ከዚያም ይበልጣል። ይህን ስሌት የትኛውም ንድፍ አይሽረውም። በጋዝ የሚሠራው አውቶማቲክ የሚያደርገው ምቱን በጊዜ ማርዘም ነው፤ መዝጊያው ወደኋላ ሲጓዝና ሲመለስ ትከሻው በአንድ ቅጽበት ከመመታት ይልቅ ይገፋል። አንድ ቀን ሙሉ ጥቂት ጥይት ብቻ ለሚተኩስ ይህ ልዩነት ከቁጥር አይገባም። በአርጀንቲናዋ ኮርዶባ አካባቢ እርግብ ለማደን ሄዶ በቀን በመቶ የሚቆጠር ጥይት ለሚተኩስ፣ ወይም ትከሻው ለተጎዳ ሰው ግን ዋናው ጉዳይ ነው። እዚያ ባለ20 ቁጥሩ፣ ማለትም አፈሙዙ ከተለመደው ባለ12 ቁጥር የሚጠበው፣ አውቶማቲክ ተመራጭ መሆኑ ያለ ምክንያት አይደለም።

ከእርሳስ ወደ ብረት ፍሬ የተደረገው ሽግግርም ይህንኑ ሚዛን ገፍቶታል። ዳክዬዎች ምግባቸውን ለመፍጨት ጠጠር ሲለቅሙ የወደቀ እርሳስ አብረው ይውጣሉ፤ ይመረዛሉም። አሜሪካ በ1991 ለውኃ ወፍ አደን እርሳስን በመላ አገሪቱ ከለከለች፤ የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ከየካቲት 2023 ጀምሮ በረግረጋማ ቦታዎችና በ100 ሜትር ዙሪያቸው በእርሳስ ፍሬ መተኮስን አገደ። የእርሳስ አንድ ሴንቲሜትር ኩብ 11.3 ግራም ሲመዝን የብረቱ 7.8 ነው። ቀላል ፍሬ ቶሎ ፍጥነቱን ስለሚያጣ ተለቅ ያለ ፍሬ፣ ፈጣን ጥይትና ረዘም ያለ ቀለህ ያስፈልገዋል፤ ከተለመደው 70 ሚሊሜትር በላይ 76 እና 89 ሚሊሜትር ጥይቶች በዳክዬና በዝይ አዳኞች ዘንድ የተስፋፉት በዚህ ነው። እነዚህ ጥይቶች ክፉኛ ይራገጣሉ። በአርካንሳዋ ስቱትጋርት ዙሪያ በጎርፍ በተዋጠ ጫካ ውስጥ ጉልበቱ ድረስ ውኃ ገብቶ የሚያደፍጥ አዳኝ አውቶማቲክ ይዞ ቢታይ በቂ ምክንያት አለው።

በአንጻሩ ሰዎች ተሰብስበው፣ እየተራመዱ፣ አጥርና ጉድጓድ እየተሻገሩ በሚያድኑበት ቦታ ከወገቡ የሚከፈተውን የሚያህል የለም። ተከፍቶ ክንድ ላይ የተጋደመ ጠመንጃ ሊተኮስ እንደማይችል ሃምሳ ሜትር ላይ ያለ ሰውም ያየዋል፤ ማንም ማንንም መጠየቅ የለበትም። አጥር ላይ የደረሰው አዳኝ ይከፍታል፣ ሁለቱን ጥይቶች ያወጣል፣ ይሻገራል፣ መልሶ ያጎርሳል፤ በጥቂት ሰከንድ ያልቃል። ባለአውቶማቲኩ መዝጊያውን ስቦ አፈሙዝ ውስጥ ያለውን ማውጣት፣ ካዝናው ውስጥ የቀሩትን አንድ በአንድ መልቀቅ፣ መዝጊያው ክፍት እንደሆነ መቆለፉን ማረጋገጥ አለበት። ይህን ሁሉ የሚያደርግ ጥንቁቅ ሰው ሞልቷል፤ በቀኑ አሥረኛ አጥር ላይ ግን ስንፍና ሰውን ይፈትነዋል። ሌላም አለ። አዳኝ አዳልጦት የአፈሙዙ ጫፍ ጭቃ ውስጥ ቢተከል፣ ባለሁለት አፈሙዙን ከፍቶ በብርሃን ማየት ብቻ ይበቃዋል። የተደፈነ አፈሙዝ ከተተኮሰ ሊፈነዳ ይችላል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ባለ20 ቁጥር ጥይት በስሕተት 12 ቁጥር ጠመንጃ ውስጥ ሲገባ ነው፤ ተንሸራቶ አፈሙዙ ውስጥ ይቀረቀራል፣ ከኋላው ትክክለኛው ጥይት ሊገባም ይችላል። የ20 ቁጥር ቀለህ ቢጫ የሚቀባው ይህ እንዳይደርስ ነው፤ ሁለት ዓይነት ጥይት በአንድ ኪስ የሚይዝ ሰው ግን ቀለሙም አያድነውም።

በማድፈጫው ውስጥ ከተኳሹ ጎን ያለው ጓደኛ ደግሞ ሌላ ቅሬታ አለው። አውቶማቲኩ ትኩሱን ቀለህ በቀኝ በኩል አርቆ ይወረውራል፤ ቀኝ የተቀመጠው ሰው ፊቱ ላይ ይቀበለዋል። ግራኝ ተኳሽ ከሆነ ቀለሁ በዓይኑ ሥር ያልፋል፤ ለግራኝ ተብለው የሚሠሩ አውቶማቲኮች ቢኖሩም ምርጫው ጠባብ ነው። የተወረወረው ቀለህ ውኃ ውስጥ ወይም ሣር ውስጥ ይቀራል፤ ባለሁለት አፈሙዝ የያዘው ግን ከፍቶ በእጁ ተቀብሎ ኪሱ ይከታል።

ጭቃ፣ አሸዋና ብርድም ሁለቱን እኩል አይነኩም። ከወገቡ የሚከፈተው ተንቀሳቃሽ ክፍሎቹ ጥቂትና የተሸፈኑ ናቸው፤ ማጠፊያው ቅባት ካላጣ ለትውልድ ይተላለፋል። በጋዝ የሚሠራው ፒስተኑ በጥላሸት ሲሞላ ጥይት መንከስ ይጀምራል፤ በብርድ ጊዜ የበዛ ዘይት ወፍሮ መዝጊያውን ያዘገየዋል። ስለዚህ አውቶማቲክ የሚገዛ ሰው ማታ ማታ መፍታትና ማጽዳትንም አብሮ እንደገዛ ይቁጠረው። በሌላ በኩል በዝቅተኛ ዋጋ ደረጃ አውቶማቲኩ ይሻላል፤ ሁለት አፈሙዞችን አንድ ቦታ እንዲመቱ አድርጎ መበየድ የእጅ ሙያ ስለሚጠይቅ ርካሽ ባለሁለት አፈሙዝ ከርካሽ አውቶማቲክ ይልቅ ጉድለቱ ይበዛል።

አውቶማቲኩ ከአፈሙዙ ኋላ የሚመላለሰውን መዝጊያ የሚይዝ ረጅም አካል ስላለው፣ በእኩል የአፈሙዝ ርዝመት ከባለሁለቱ አንድ ጋት ገደማ ይረዝማል። ጥቅጥቅ ባለ ቁጥቋጦ ውስጥ ይህ ይሰማል። በኢትዮጵያ ቆላና ወይና ደጋ ቆቅ ሰው እግር ሥር እስኪደርስባት አድፍጣ ድንገት ትነሣለች፤ አጭርና ቀላል፣ ሰፊ ቾክ ያለው ባለሁለት አፈሙዝ የሚመቸው ለእንዲህ ያለው ተኩስ ነው። ጅግራ ግን በመንጋ በእግሯ ሮጣ ርቀት ካገኘች በኋላ ስለምትበር ጠባቡን አፈሙዝ ትፈልጋለች። እርግጥ ነው፣ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ዓ.ም. መሠረት መሣሪያ ያለ ፈቃድ መያዝ አይቻልም፤ ለአደኑም ለራሱ ፈቃድ ያስፈልጋል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ብዙ ወፍ የሚስተው ጠመንጃው ከሰውየው አካል ጋር ስላልገጠመ ነው። ሾትገን እንደ ምንሽር በማነጣጠሪያ አይተኮስም፤ የኋላ ማነጣጠሪያው የተኳሹ ዓይን ነው። ሰደፉ ቢረዝም ልብስ ላይ ይጠመዳል፣ ቢያጥር አውራ ጣት አፍንጫን ይመታል፤ የጉንጭ ማረፊያው ቢዘቅጥ ተኩሱ ወደታች፣ ከፍ ቢል ወደላይ ይሄዳል። መፈተኛው ቀላል ነው፤ ባዶ መሆኑ ሁለት ጊዜ ከተረጋገጠ በኋላ ዓይን ጨፍኖ ጠመንጃውን ወደ ትከሻ ማንሣት፣ ከዚያ ዓይን መግለጥ። ዓይኑ በቀጥታ በአፈሙዙ መሐል ላይ የሚያይ ከሆነ ገጥሟል። ብዙዎቹ ዘመናዊ አውቶማቲኮች ሰደፉ ሥር የሚገቡ ስስ ማስተካከያዎች ስላሏቸው ገዢው ራሱ በመፍቻ ያስተካክላቸዋል፤ የባለሁለት አፈሙዝ ሰደፍ ግን አብዛኛውን ጊዜ እንጨቱን በሙቀት የሚያጎብጥ ወይም የሚቀርጽ ባለሙያ ይፈልጋል።

እንግዲህ ከሰዎች ጋር እየተራመደ ለሚያድንና የመጀመሪያ ጠመንጃውን ለሚገዛ ሰው ከወገቡ የሚከፈተው ይሻላል፤ ዋና ሥራው በማድፈጫ ሆኖ ከባድ የብረት ጥይት መተኮስ ለሆነ፣ ወይም ርግጫ ለሚጎዳው ሰው፣ በጋዝ የሚሠራው አውቶማቲክ። ያገለገለ የሚገዛ ግን በየዓይነቱ የተለየ ቦታ ይመለከታል። ባለሁለት አፈሙዙ የፊት እንጨቱ ወልቆ፣ ተዘግቶ ሲነቀነቅ ማጠፊያው ላይ መወላለቅ ሊኖር አይገባም፤ የመክፈቻው ምላስ ከመሐል ወደ ቀኝ ጋደል ብሎ ቢቆም መቆለፊያው ገና አልተበላም ማለት ነው። አፈሙዞቹ ለብቻ ተንጠልጥለው በጣት ሲመቱ ጥርት ያለ ድምፅ ካልሰጡ አንዱ ብየዳ ለቋል። አሮጌ የእንግሊዝ ጠመንጃ ላይ የጥይት ቤቱ ርዝመት 65 ሚሊሜትር ተብሎ ከታተመ የዛሬው 70 ሚሊሜትር ጥይት አይተኮስበትም፤ ለእርሳስ ብቻ የተሠራ ቀጭን አፈሙዝም የብረት ፍሬ አይችልም። አውቶማቲኩ ላይ ደግሞ የፊት እንጨቱ ውስጠኛ ጎን ስንጥቅ እንዳለበት፣ የጋዝ ቀዳዳዎቹ እንዳልተደፈኑ፣ በብዙዎቹ ሞዴሎች ሰደፉ ውስጥ የተደበቀውና ማንም ፈትቶ የማያየው የመዝጊያ መመለሻ ጥቅል ሽቦ እንዳልዛገ መታየት አለበት፤ ረግረግ ውስጥ የኖረ ጠመንጃ ብዙውን ጊዜ የሚበላሸው እዚያ ነው።